ወፏ፣ ኦክቶፐሱና የሰኞ ፉጨት

ሰሌዳው ይሠራ ያሉት ዳይሬክተሩ ናቸው። ተማሪዎች ለጉብኝት ሲመጡ ባዶ ግድግዳ እያዩ መሄዳቸው አሳፍሯቸው ኖሮ፣ አንድ ቀን ብድግ ብለው ሁለት እንስሳት ጎን ለጎን ይውጡልኝ አሉ፤ አንዱ ከዛፍ፣ አንዱ ከባሕር፣ ምደባቸው ምን እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚለያዩ፣ ዛሬ ስንት እንደቀሩ። ከዛፍ ቢጫ ጉሮሮ የምትባለው ዘማሪ ወፍ ተመረጠች፣ ከባሕር ኦክቶፐስ። ለምን እነዚህ ሁለቱ ብሎ የጠየቀ የለም። ሥራው መዝጋቢዋ ላይ ወደቀ። በዚያ የእንስሳት ጥናት ቤት ባለቤት ያጣ ሥራ ሁሉ መጨረሻው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእንስሳት ካርድ ስትሞላ ኖራ አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብላ አታውቅም።

የወፏን ነገር ለብቻዋ ትችለዋለች። ለኦክቶፐሱ ግን ምድር ቤት ወርዳ የባሕር ክፍሉን ሰውዬ ማነጋገር ነበረባት። ሰውዬው ከብልቃጦቹ መሀል ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ከፊቱ ያለው ትልቁ ብልቃጥ ውስጥ አንዲት የገረጣች ኦክቶፐስ ክንዶቿን አጣጥፋ ተኝታለች።

«ዘመዳሞች ናቸው እኮ» አላት ሰሌዳውን ስታስረዳው። «ሁለቱም ስፍነ እንስሳት በሚባለው ትልቁ ምድብ ውስጥ ናቸው። ከዚያ በታች ግን ወፍሽ የጀርባ አጥንት ካላቸው ጋር ሄደች፣ የኔዋ ከቀንድ አውጣ ጋር ቀረች። ሠርግ እንኳ የማይጠራሩ ዘመዶች በያቸው።»

«መደቧስ?»

«ያንቺ ያው አእዋፍ። የኔዋ እግሯ ከራሷ የወጣ ስለሆነ ራስ-እግር ከሚባሉት ናት። እግር በይው ክንድ፣ ስምንት ነው። ልቧ ግን ሦስት ነው። ሦስት ልብ ይዛ አንድ ዜማ አታውቅም፤ እሱን ጻፊልኝ።»

ሳቀች። «የጥበቃ ደረጃዋን ንገረኝና ልሂድ።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ካርዱን ከመሳቢያ አወጣ። ካርዱ ላይ «በቂ መረጃ የለም» ይላል። ከሥሩም ያው ሦስት ቃል፣ ከዚያም ሥር ያው፣ አስራ ሰባት ጊዜ፣ አስራ ሰባት ፊርማ።

«አታፍርም?» አለችው።

«ምን ያሳፍረኛል? ማንም ወርዶ ቆጥሯቸው አያውቅም። ሚሊዮን ይሁኑ አምስት አላውቅም። አላውቅም ብዬ ፈረምኩ። አንቺ ወፎችሽ ሁለት መሆናቸውን ታውቂያለሽ። መታደል ነው።»

እሷም መታደል መስሏት ደረጃውን ወጣች።

እዚህ ላይ የመዝጋቢዋን ቤተሰብ ጉድ ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። ቢጫ ጉሮሮ ከከተማው ጀርባ ካለው ኮረብታ በቀር በዱር የትም አትገኝም። ኮረብታውን ከምሥራቅ በኩል የሚያዳምጡት የመዝጋቢዋ አባት ናቸው፤ ከምዕራብ በኩል የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ አጎቷ። ወፏ በዓይን አትገኝም፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ስለዚህ የሚቆጥሯት በጆሮ ነው። ሰኞ ሰኞ ንጋት ላይ አድማጩ ቦታው ላይ ይቆምና የራሷን ድምፅ አስመስሎ ያፏጫል፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ከመለሰች ሰዓቱን ይጽፋል። በዚህ ዓይነት ፉጨት አባቷን የሚያህል አልነበረም፤ ወፎቹ ራሳቸው ተታለው ትከሻቸው ላይ ሊያርፉ ምንም አይቀራቸውም ይባል ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት አባቷ ዳይሬክተሩ ፊት ቆመው «ወንድሜ ኮረብታ አይወጣም፣ ቤቱ ተኝቶ ነው ወረቀቱን የሚሞላው» አሉ። እሳቸው ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሳይሰሙ ወንድማቸው ሁለት ሰማሁ ብሎ መጻፉ አንገብግቧቸው ነው። ውሸት አልነበረም፤ ያን ወር ወፎቹ ወደ ምዕራብ ተሻግረው ኖሯል፣ በኋላም ተረጋገጠ። አባቷ ግን ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። አጎቷም ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በወባ ከተኙባቸው ሦስት ሰኞዎች በቀር፣ ዝናብ ይሁን ብርድ አንድ ሰኞ ሳይቀሩ፣ ሰዓት አስረው፣ ደቂቃዋን ሳይቀር እየጻፉ ኖሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች ዓይንና ናጫ ሆኑ። በር ላይ እንዳይገናኙ እንኳ አባቷ ወረቀታቸውን ማክሰኞ ያመጣሉ፣ አጎቷ ሐሙስ።

መዝጋቢዋ የማክሰኞውን «ምሥራቅ» የሚል ፋይል ውስጥ ትከታለች፣ የሐሙሱን «ምዕራብ» የሚል ውስጥ። ዓመቱ ሲያልቅ «ምሥራቅ አንድ፣ ምዕራብ አንድ፣ ድምር ሁለት» ብላ ካርዱ ላይ ታሰፍርና «ለመጥፋት እጅግ የተቃረበ» ብላ ትፈርማለች። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ አታውቅም። ምን ብላ? ሰሌዳው ግን ወፏ መጨረሻ የተሰማችበትን ሰዓት ከሁለቱም ወገን የሚጠይቅ ሳጥን ስለነበረው፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

የአባቷ እንዲህ ይላል፦ «12፡10 አፏጨሁ። 12፡12 መለሰች። 12፡14 ደግሜ አፏጨሁ።»

የአጎቷ እንዲህ ይላል፦ «12፡10 ድምፅዋን ሰማሁ። 12፡12 አፏጨሁ። 12፡14 መለሰች።»

ክው አለች። አንዴ ይገጥማል ብላ ያለፈውን ሳምንት አወጣች፣ ከዚያ ያለፈውን ወር፣ ከዚያ ያለፈውን ዓመት። አንዱ ያፏጨበት ደቂቃ ሌላው የሰማበት ደቂቃ ነው። አጎቷ በወባ ተኝተው ሦስት ሰኞ በቀሩበት ጊዜ የአባቷ ወረቀት ሦስቱንም ሰኞ «አልተሰማችም» ይላል። ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ስትሄድ ሰዓቱ መግጠሙን ተወ፤ ያኔ መልሱ ከዚህም ከዚያም፣ ባልታሰበ ደቂቃ ይመጣ ነበር። ያኔ ወፍ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ግን ኮረብታው ላይ የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፤ የማይነጋገሩ ሁለት ወንድማማቾች፣ ሰኞ ሰኞ ሲጠራሩ የኖሩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ወረቀቱን አርማ፣ አልቅሳ ታልፈው ነበር። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በፊት ከሩቅ አገር ካለ አንድ የእንስሳት ቤት ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ጥንድ ቢጫ ጉሮሮ በሽቦ ቤት ይዘናል፣ እያረጁብን ነው፣ አሁኑኑ እናራባቸው ወይስ በዱር ያሉት ይበቃሉ፣ ቦታውን ለሌላ እንስሳ እንፈልገዋለን ይላል። መልሱን የጻፈችው እሷ ናት። «በዱር ሁለት አሉ፤ የሚያስቸኩል ነገር የለም» ብላ። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ መስመር መጣ፦ ሁለቱም ሞተዋል፣ እንቁላል አልጣሉም። እሷም ቀዳዳ በስታ ፋይል አደረገችው። ያን ዕለት ምሳ እንኳ አልቀረባትም።

እሑድ አጎቷ ቤት ሄደች። ሰኞ እንዳይወጡ፣ ለአንድ ሳምንት በምሥራቅ በኩል ብቻ እንዲቆጠር ቢሮው መወሰኑን ነገረቻቸው። መዋሸቷ ምላሷ ላይ መረራት።

«ማነው የወሰነው? እሱ ነው?» አሉ አጎቷ።

«ቢሮው ነው አጎቴ።»

«እሺ። ግን ወረቀቱ ላይ 'አልሄድኩም' ብዬ ነው የምጽፈው። ተሰማችም አልተሰማችም አልልም። ያላየሁትን አልጽፍም፣ ስሜ አንዴ ጠፍቷል።»

አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ሰኞ ንጋት ከአባቷ ጋር ኮረብታውን ወጣች። አባቷ የሰባ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ የላስቲክ ቦት ጫማቸው ጭቃውን እየሳበ፣ በየሃያ እርምጃው ቆመው እየተነፈሱ ደረሱ። «ዛሬ ምን ነካሽ? አንቺ እንኳ ካልጋ መነሳት የምትጠዪ» እያሉ ቀለዱባት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው አፏጩ። ከሰው አፍ መውጣቱን ለማመን የሚያስቸግር ፉጨት ነበር።

ጠበቁ። ምንም የለም። ሰዓታቸውን አዩ፣ ደግመው አፏጩ። ጤዛ ከቅጠል ላይ ይንጠባጠባል። ሦስተኛ ጊዜ አፏጩ። ከዚያ ፊታቸው ልውጥ አለና ወደ ምዕራብ አንጋጠው፦

«ታሞ ይሆን እንዴ?» አሉ።

«ማን?» አለች መዝጋቢዋ።

አባቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የወጣን ቃል መመለስ አይቻልም። እሷም ልታየው የመጣችውን ነገር ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳያት አልነበረም፤ ተታልለው ነው ብላ ልታዝንላቸው ነበር የወጣችው።

«ያውቁ ነበር» አለች። «አባባ፣ ያውቁ ነበር!»

ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «የፊት ጥርሱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ልጆች ሆነን፣ በድንጋይ። ከዚያ ወዲህ ሲያፏጭ መጨረሻው ላይ አየር ታመልጠዋለች። ወፍ አየር አታመልጣትም። በመጀመሪያው ወር ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን 'ተሰማች' ብለው ይጽፋሉ?»

«ሁሌ አልተሰማችም ብዬ ብጽፍ ቆጠራው ይዘጋል። ቆጠራው ከተዘጋ እሱ ምን ሊያደርግ እዚያ ይወጣል? ቤቱ አያስገባኝ፣ መንገድ ላይ ፊቱን ያዞርብኛል። ሰኞ ሰኞ ግን ስጠራው አቤት ይለኛል። እኔ መሆኔን ሳያውቅ ቢሆንም አቤት ይለኛል።»

አዘነችላቸው፤ ቁጣዋ ግን ከዚያ በለጠ። የደብዳቤውን ነገር፣ የጥንዶቹን ነገር፣ የራሷን መልስ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። በሽቦ ቤት የነበሩት የመጨረሻዎቹ እንደነበሩ፣ ሰው ቢቸኩል ኖሮ ዛሬ ጫጩት ይኖር እንደነበረ ነገረቻቸው። አባቷ እየሰሙ በዱላቸው ጭቃውን ይጭራሉ።

«አልነገርሽኝም» አሉ በመጨረሻ።

«ምን ብዬ ልንገርዎት? ሁለት አሉ ያሉኝ እርስዎ ነዎት!»

ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ «ካርዱን እስከ ሰኞ አቆዪልኝ» ብለው ለመኗት። «እኔው እነግረዋለሁ። ካንቺ አፍ እንዳይሰማው።»

ማቆየት አልነበረባትም። አባት ናቸውና አቆየች። ማክሰኞ የአባቷ ወረቀት አልመጣም። ሐሙስ የአጎቷ መጣ፤ «አልሄድኩም» ይላል፣ ተፈርሞበታል። ዓርብ አባቷን «ነገሩት?» አለቻቸው። «ነገ» አሉ። ቅዳሜም «ነገ» አሉ። እሑድ ስትመጣ ተኝተው አገኘቻቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ከመግባቷ በፊት ልታያቸው ሄደች። ኮረብታ አልወጡም። ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ዓይናቸውን ግድግዳው ሰዓት ላይ ተክለዋል። ሻይ አፍልታ ስትሰጣቸው በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። አጎቷ ናቸው። ቦት ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው፣ ካፖርታቸው በጤዛ ርሷል። ዘጠኝ ዓመት ያልረገጡትን ደጃፍ ረግጠው ቆመዋል።

«አለ?» አሉ።

መልስ ሳይጠብቁ ገቡ። ከአልጋው አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ ከየት እንደሚጀምሩ ጠፍቷቸው ይመስላል፣ ባርኔጣውን ሁለት ጊዜ አዟዟሩት።

«ወንድም ጋሼ» አሉ። «ስምንት ጊዜ አፏጨሁ። ፀሐይ እስኪወጣ ቆሜ ስምንት ጊዜ አፏጨሁ። አልመለሰችም። በስድስት ዓመት ውስጥ እኔ ወጥቼ ሳትመልስ ቀርታ አታውቅም። ሄዳለች።» ወደ አልጋው ጠጋ አሉ። «ከዚህ በፊት የሆነው ይሁን። ይቺ ወፍ ላንተ ምን እንደሆነች ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከሌላ ሰው አፍ መርዶዋን እንዳትሰማ ብዬ ነው የመጣሁት።»

አባቷ ከብርድ ልብሱ ሥር እጃቸውን አወጡ። አጎቷ ያዙት። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው አለቀሱ። መዝጋቢዋ የሻዩን ብርጭቆ እንደያዘች ቆማ የአባቷን ፊት አየች፤ ደስ ብሏቸዋል። እያለቀሱ ደስ ብሏቸዋል። በዕድሜዋ እንደዚያ ያለ ደስታ ፊታቸው ላይ አይታ አታውቅም፣ እናቷ በሕይወት ሳለች እንኳ።

ዝም ማለት ትችላለች። ካርዱ ላይ «የጠፋ» ብላ የዛሬን ቀን ብትጽፍ ማንም አይጠይቃትም። ወፏ ዛሬ ጠፋች ይባላል፣ ወንድማማቾቹ ይታረቃሉ፣ የእሷም ደብዳቤ ትክክል ይሆናል። ከአምስት ዓመት በፊት በጻፈችው ደብዳቤ ላይ «በዱር ሁለት አሉ» ያለችው እውነት ነበር ይባላል። ይህን ስታስብ ደረቷ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደላት፤ ቅልል አላት። ቅልል ማለቱ ራሱ አስደነገጣትና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አባባ» አለች።

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። ምን ልትል እንደሆነ ገባቸው። አትንገሪው ብለው በዓይናቸው ይለምኑኛል ብላ ጠበቀች፤ አልለመኑም። የወንድማቸውን እጅ ለቀቁና ከትራሱ ላይ ቀና አሉ። ከዚያ ከንፈራቸውን አሹለው አፏጩ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

አጎቷ ብድግ ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በራ። ከዚያ መስኮቱ መዘጋቱን አዩ። ቀስ ብለው ወደ አልጋው ተመለሱ።

«ስንት ዓመት?» አሉ።

«ስድስት» አሉ አባቷ።

«እኔ መሆኔን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አጎቷ ለመቆም ወንበሩን ያዙ። ይጮሃሉ፣ ይራገማሉ ብላ መዝጋቢዋ ጠበቀች፤ ድምፃቸው ግን ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «ዘጠኝ ዓመት፣ ወባ ከጣለኝ ጊዜ በቀር፣ አንድ ሰኞ አልቀረሁም። ልጄን የዳርኩ ማግስት ወጥቻለሁ። ውሸታም አይደለሁም ለማለት ነው የወጣሁት። አሁን በስድስት ዓመት ውስጥ የጻፍኩት አንድም እውነት የለበትም ማለት ነው።» ባርኔጣቸውን ደፉ። «ቤቴ ተኝቼ ብጽፈው ይሻለኝ ነበር።»

በሩን ራሳቸው ዘግተውት ሄዱ። ወለሉ ላይ የጫማቸው ጭቃ ቀረ፤ አባቷ እንዳትጠርጊው አሏት።

ሰሌዳው በሳምንቱ ተሰቀለ። በግራ ወፏ፣ በቀኝ ኦክቶፐሱ። ስፍናቸው አንድ ነው፤ ከዚያ በታች ያሉት ሳጥኖች ሁሉ ይለያያሉ። የጥበቃ ደረጃ የሚለው ላይ በቀኝ «በቂ መረጃ የለም» ይላል፣ በግራ «የጠፋ»፣ ከሥሩ ከስድስት ዓመት በፊት የነበረ ቀን። ከአምስት ዓመት በፊት የጻፈችውን ደብዳቤም ከነስሟ አያይዛ ለዳይሬክተሩ ሰጠች። ዳይሬክተሩ አንብበው «አሁን ማን ይጠይቀናል» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። የባሕር ክፍሉ ሰውዬ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቀኑን አየ፣ እሷን አየ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ጠፋው።

ቆጠራው ተዘጋ። ሁለቱም ቦታዎች ከመዝገብ ተሰረዙ። አባቷ ግን በሚቀጥለው ሰኞ ከአልጋቸው ተነሱ። ጎረቤት ደውሎ ነግሯት እየሮጠች ስትደርስባቸው ኮረብታው ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። አፏጩ። ሰዓታቸውን እያዩ ሁለት ደቂቃ ጠበቁ። ከምዕራብ በኩል ማንም አልመለሰም። ደገሙ። ቅጠሉ እንኳ አልተነቃነቀም።

«አባባ፣ ቆጠራው ተዘግቷል» አለች ክንዳቸውን ይዛ። «አጎቴም አይወጡም፣ እዚያ ማንም የለም። እንውረድ።»

«አውቃለሁ» አሉና እንደገና አፏጩ።